ከሰላሌ እስከ አዲሱ ገበያ፦ በሽታ በቅርጫት ሲጓዝ

የወፍ ጉንፋን ሲነሳ ብዙ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። የጓሮ ዶሮን ከሌላ ጓሮ ዶሮ የሚያገናኘው ግን የጎጃም መንገድ፣ ኢሱዙውና ባለቅርጫቱ ነጋዴ ነው።

የበዓል ዋዜማ ሲቃረብ አዲሱ ገበያ የሚነቃው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከሰላሌ አቅጣጫ፣ ከፍቼ፣ ከሙከጡሪ፣ ከጫንጮ የተነሱ መኪኖች የሱሉልታን ሜዳ አቋርጠው፣ የእንጦጦን ጀርባ ታከው ቁልቁል ወደ ጉለሌ ይወርዳሉ። ጣሪያቸው ላይ ከድንች ጆንያ ጋር የተጠፈሩ ቅርጫቶች አሉ። ረዳቱ ወጥቶ አንድ በአንድ ሲያቀብል ከታች ያሉት እየተሻሙ ይቀበላሉ። ቅርጫቱ ሲፈታ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ይወጣሉ፤ ቀይ፣ ገብስማ፣ ነጭ። ጥቂቶቹ መንገዱ አድክሟቸው አንገታቸውን ጥለዋል። ነጋዴው ውሃ ይረጭባቸዋል፣ ያራግፋቸዋል፣ መሬት ላይ ያስቀምጣቸዋል።

ወዲያው እጅ ይበዛባቸዋል። ገዢ ሁሉ ክንፏን ይዞ ያነሳታል፣ ደረቷን ይዳስሳል፣ ክብደቷን በመዳፉ ይመዝናል፣ ዋጋ ጠይቆ መልሶ ያስቀምጣታል። ቀጥሎም ወደ ሌላው ነጋዴ ሄዶ በዚያው እጁ ሌላዋን ያነሳል። አንዲት ዶሮ ተሸጣ እስክትሄድ ድረስ ስንት እጅ እንደነካት የሚቆጥር የለም። የአዲሱ ገበያ ሰው ዶሮ የሚገዛው እንዲህ ነው። ሳይዳስሱ መግዛት ሞኝነት ነው።

አንድ ቅርጫት፣ ብዙ ጓሮ

በአንድ ቅርጫት ታጭቀው የመጡት ዶሮዎች በአንድ ጓሮ አላደጉም። ሰላሌ ውስጥ ያለች እናት ለልጇ ደብተር መግዣ ሁለት ቄብ ይዛ ወደ ሳምንቱ ገበያ ትወጣለች። ጎረቤቷ አንድ አውራ ዶሮ በብብቱ ሸጉጦ ይከተላል። ገበያው መግቢያ ላይ ሰብሳቢው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ከዚህ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያለ እስከ እኩለ ቀን ቅርጫቱን ይሞላል። ካልሞላለት ደግሞ በማግስቱ ወደሚውለው ሌላ ገበያ ይዞት ይሄዳል። ትናንት የገዛቸው ዛሬ ከሚገዛቸው ጋር አንድ ላይ ያድራሉ፤ ከአንድ ቆርቆሮ ይጠጣሉ፣ አንዷ በሌላዋ ላይ ትኮሳለች።

ሰብሳቢው ለትልቁ ነጋዴ ያስረክባል። ትልቁ ነጋዴ አዲስ አበባ ያወርዳል። ከዚያ ቸርቻሪው፣ ከቸርቻሪውም ዶሮ በእጁ አንጠልጥሎ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው አዟሪ ይረከባል። በዚህ መስመር ላይ ረጅም ጊዜ የሠሩ ነጋዴዎችን ስለ አንዲት ዶሮ አመጣጥ ብትጠይቋቸው መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፦ የመጣችበትን ገበያ ያውቃሉ፣ የመጣችበትን ቤት አያውቁም። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። የሚጠየቀው ዋጋዋ ነው።

በሽታ አጥኚዎችን የሚያሳስባቸው ይህ አለመታወቁ ነው። የወፍ ጉንፋን ቫይረስ የያዛት ዶሮ ምልክት እስክታሳይ ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ልትቆይ ትችላለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአፏና ከአፍንጫዋ በሚወጣው ፈሳሽ፣ ከሁሉም በላይ በኩሷ፣ ቫይረሱን ማሰራጨት ትጀምራለች። ፍቼ ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ መኪናው ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ማለዳ ጤነኛ መስላ የተጫነች ዶሮ ከሰዓት በኋላ ጤነኛ መስላ ትሸጣለች። መታመሟ የሚታወቀው ሽሮ ሜዳ ወይም ሩፋኤል አካባቢ አንድ ጓሮ ውስጥ፣ ከባለቤቱ ሌሎች ዶሮዎች ጋር ሁለት ቀን ከከረመች በኋላ ነው።

የጉለሌ አየርም አያግዝም። ሰፈሩ የእንጦጦ ግርጌ ነው፤ ክረምቱ ብርዳምና ጭቃማ ነው። ቫይረሱ በሞቃትና በደረቅ ቦታ ቶሎ ይሞታል። በቀዝቃዛና በእርጥብ ኩስ ውስጥ ግን ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከቀርከሃ የተሠራ ቅርጫት ደግሞ ስንጥቁ ሁሉ የኩስ መደበቂያ ስለሆነ እንደ ፕላስቲክ ሳጥን ታጥቦ አይጠራም። ባዶውን ተመልሶ ሰላሌ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ገበያም ሌሎች ዶሮዎች ይገቡበታል።

ፈንግል የሠራው ካርታ

«ይህ ሁሉ ግምት ነው፣ የወፍ ጉንፋን እዚህ ታይቶ አያውቅም» የሚል ሰው ይኖራል። እርግጥ ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የወፍ ጉንፋን መከሰቱ በይፋ አልተመዘገበም። በሽታው ቢገባ የሚሄድበትን መንገድ ለማወቅ ግን መጠበቅ አያስፈልገንም። ፈንግል አስቀድሞ አሳይቶናል።

ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ ፈንግልን ያውቀዋል። ዶሮዋ ትኮማተራለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ይወርዳታል፣ አንገቷ ይጠመዘዛል። ከዚያ አንድ ሰፈር ሙሉ ያልቃል። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው የአገሪቱ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል፤ ጓሮ ድረስ የሚደርሰው ግን ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ ነው። ፈንግል ከመንደር መንደር የሚዘለው በእግሩ ወይም በክንፉ አይደለም። በገበያ ዶሮ፣ በቅርጫት፣ በነጋዴ ጫማ፣ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው በሚገባ አዟሪ ነው። ዛሬ ፈንግል የሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ነገ ለወፍ ጉንፋን ክፍት ነው።

ከዚህ የከፋ ነገርም አለ። ሁለቱን በሽታዎች በዓይን መለየት አይቻልም። የወፍ ጉንፋንም በድንገት ይገድላል፤ የዶሮዋ ራስ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይጠቁራል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ተቅማጥ ይይዛታል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ አርሶ አደር «ፈንግል ገባ» ይላል። የለመደው ስለሆነ ለማንም አይናገርም፤ ናሙና የሚወስድም አይመጣም። በየዓመቱ የሚመጣው በሽታ ገና ያልመጣውን የሚሰውር መጋረጃ ሆኗል።

ፈንግል ገባ ሲባል ባለቤቱ የሚያደርገው ነገር ደግሞ የዚህ ዘገባ ዋና ጉዳይ ነው። አንዷ ስትሞት ቀሪዎቹን ገበያ ያወጣል። ነገ ቢሞቱ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ዛሬ ቢሸጡ ግማሽ ዋጋም ቢሆን ገንዘብ ነው። ዶሮ በገጠር ቤት የጨው፣ የሳሙና፣ የሕክምና መክፈያ ናት። ነጋዴውም ርካሽ ሲያገኝ ይገዛል። ስለዚህ ብዙ የታመሙ ዶሮዎች መንገድ ላይ የሚወጡት በሽታው በበረታበት በዚያው ሳምንት ነው።

> የታመመች ዶሮ ገበያ የምትወጣው ባለቤቷ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ብትሞት ኪሳራዋን የሚጋራው ስለሌለ ነው።

ክንፍና ጎማ

የዛሬው የወፍ ጉንፋን ዘር መነሻው ደቡብ ቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጓንግዶንግ ውስጥ በአንዲት ዝይ ላይ ተገኘ። በማግስቱ ዓመት ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎች ታመው 6 ሞቱ፤ የከተማዋ ዶሮ በሙሉ፣ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ፣ ታርዶ ተወገደ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በዓለም ዙሪያ ከ900 በላይ ሰዎች በዚህ ቫይረስ መያዛቸው ተረጋግጧል፤ ከእነሱም ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ አይተላለፍም። ዓለም የሚፈራው ይህ ባሕርዩ እንዳይለወጥ ነው።

የዱር ወፎች ድርሻ አላቸው፤ ይህን መካድ አይቻልም። በየዓመቱ ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ የውሃ ወፎች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ በጣና ዳር፣ እንዲሁም ከጉለሌ ጀርባ ባለው ረግረጋማው የሱሉልታ ሜዳ ያርፋሉ። በጥር 2009 ዓ.ም. ዩጋንዳ ውስጥ ቫይረሱ መጀመሪያ የታየው በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በሞቱ የዱር ወፎች ላይ ነበር። ከሱሉልታ ረግረግ ውሃ የሚጠጡት የመንደር ዶሮዎችና የጎጃም መንገድ ጎን ለጎን ናቸው። ወፏ ቫይረሱን አንድ ቦታ ልትጥለው ትችላለች። ከዚያ ቦታ አንስቶ በሳምንት ውስጥ አምስት ከተማ የሚያደርሰው ግን ሰው ነው።

ለዚህ ብዙ ማስረጃ አለ። በየካቲት 1998 ዓ.ም. በሽታው አፍሪካ መግባቱ ሲታወቅ መጀመሪያ የተገኘው በናይጄሪያ ካዱና ግዛት፣ በአንድ ትልቅ የዶሮ እርባታ ነበር። የዱር ወፍ ከሚያርፍበት ረግረግ ይልቅ ንግድ የሚበዛበት ቦታ ቀደመ። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ከታይላንድ የመጣ አንድ መንገደኛ ሁለት ንስሮችን በእጅ ሻንጣው ደብቆ ብራስልስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያዝ ንስሮቹ ቫይረሱ እንዳለባቸው ታወቀ። ወፎቹ አህጉር ያቋረጡት በአውሮፕላን ነው።

የ1998ቱ ድንጋጤ

በዚያው የካቲት ግብፅም በሽታው እንደገባባት አስታወቀች። ሱዳን በሚያዝያ፣ ጅቡቲ በግንቦት ተከተሉ፤ ጅቡቲ ውስጥ አንዲት ሕፃን ታመመች። ኢትዮጵያ ተከበበች። በዚያው ዓመት በጉራጌ ዞን ጉብሬ በሚገኝ የመንግሥት የዶሮ ማባዣ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች ሞቱ።

ምርመራው የወፍ ጉንፋን አለመሆኑን አረጋገጠ። ወሬው ግን ከምርመራው ፈጠነ። ሰው ዶሮ መግዛት ፈራ፣ ዋጋው ወደቀ። ቫይረሱ ሳይገባ ኪሳራው ገባ። ያን ጊዜ በሥራው ላይ የነበሩ ነጋዴዎች አሁንም የሚያነሱት ይህን ነው፤ ብዙዎቹ «በርድ ፍሉ» የሚለውን ስም የሚያስታውሱት በበሽታነቱ ሳይሆን ገበያ የዘጋባቸው ወሬ በመሆኑ ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ በእርባታዎች ውስጥ ዶሮ የሚጨርስ በሽታ ተከሰተና የግብርና ሚኒስቴር ዶሮና የዶሮ ውጤቶች ከቦታ ወደ ቦታ እንዳይንቀሳቀሱ ለጊዜው አገደ። እገዳው ከሕክምና አንጻር ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ በሽታን ከመንገድ ላይ ማቆም ማለት ይኸው ነው። ነገር ግን ዕለት በዕለት በልቶ የሚያድር አዟሪ ሥራ አቁም ሲባል ሥራ አያቆምም፤ መንገድ ይቀይራል። ዶሮው በዋናው ኬላ ማለፍ ካልቻለ በውስጥ ለውስጥ ያልፋል፤ ማንም በማያየው ቦታ፣ በጨለማ።

ያልተሸጠችው ዶሮ

ገበያ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ አደገኛዋ ዶሮ ሳትሸጥ ያመሸችው ናት። ነጋዴው ወደ መጣበት አይመልሳትም። ከገበያው ጀርባ በተከራያት ጥግ ያሳድራታል፤ በማግስቱ ከሰላሌ አዲስ ከወረዱት ጋር ትቀላቀላለች። እነሱም ሳይሸጡ ከቀሩ ለከነገ ወዲያ መጪዎች ያወርሳሉ። በዚህ መንገድ ገበያው አንድ ቀንም ባዶ አይሆንም፤ ቫይረሱ ሁልጊዜ የሚያድርበት አካል ያገኛል። አንዲት ዶሮ ብትሞት ሰንሰለቱ አይበጠስም።

ሆንግ ኮንግ ይህን በመከራ ተማረች። እ.ኤ.አ. ከ1997ቱ እልቂት በኋላ ዳክዬና ዝይን ከዶሮ ለየች። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የዶሮ ተራዎቹ በወር አንድ ቀን ባዶ ሆነው እንዲታጠቡ አደረገች፣ በ2003 ቀኑን ሁለት አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በሕይወት ያለች ዶሮ በገበያ እንዳታድር ከለከለች። ያደረች ዶሮ ከሌለች የነገው ቅርጫት በንጹሕ ቦታ ያርፋል። በገበያዎቹ የሚገኘው የቫይረስ መጠን በእጅጉ ቀነሰ።

ቻይና ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ሌላ ዓይነት የወፍ ጉንፋን ሰው ሲገድል ሻንግሃይን ጨምሮ ትልልቅ ከተሞች የዶሮ ገበያቸውን ዘጉ። በተዘጉበት ከተማ አዲስ ሕመምተኛ ወዲያው ቀረ ማለት ይቻላል። ግን ዶሮ የጫኑት ነጋዴዎች ወዳልተዘጉ ከተሞች ዞሩ። አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን መተው በሽታውን ማዞር ነው። አዲሱ ገበያ ብቻ ቢዘጋ ጭነቱ ወደ ሾላና ወደ መርካቶ ይሄዳል።

> አዲሱ ገበያ ብቻ ቢዘጋ ዶሮው አይቀርም፤ በሌላ በር ይገባል።

ለእኛ ትልቁ ፈተና በዓል ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ዶሮ የሚፈልግ ጥቂት ነው፤ ዶሮው በየጓሮው ይጠራቀማል። የትንሣኤ ሳምንት ሲመጣ ሁሉም በአንዴ መንገድ ላይ ይወጣል። በሩቅ ምሥራቅ አገሮችም የወፍ ጉንፋን የሚያገረሸው በጨረቃ አዲስ ዓመታቸው አካባቢ መሆኑን አጥኚዎች ደጋግመው አስተውለዋል። ስለዚህ የገበያ እጥበትና የእንስሳት ሐኪም ቅኝት የሚያስፈልገው ከበዓሉ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው፤ ከበዓሉ በኋላ የሚደረግ ዘመቻ ብዙም አይረባም።

ወደ ገጠር የሚመለሰው

ጉዞው ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው። የሐበሻ ዶሮ ከገጠር ወደ ከተማ ሲገባ፣ በማባዣ ማዕከላት የተፈለፈሉ ጫጩቶች ደግሞ በወኪሎች እጅ አርባ አምስት ቀን ገደማ አድገው ወደ ገጠርና ወደ ከተማ ጓሮዎች ይበተናሉ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ አዲስ አበባም ውስጥ ዶሮ የሚያረባው ቤተሰብ በዝቷል። ይህ መልካም ነው፤ ልጆች እንቁላል በልተው ማደራቸውን ማንም አይጠላም። ግን ጠባብ ግቢ ውስጥ ሃያ ዶሮ የያዘ ቤተሰብ ለበዓል አንዲት የገበያ ዶሮ ገዝቶ በዚያው ቆጥ ካሳደራት የሰላሌን ጓሮ ሁሉ ወደ ግቢው አስገባ ማለት ነው። የእንቁላል ትሪም እንዲሁ ነው። የወረቀቱ ትሪ ከእርባታ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ሌላ እርባታ ኩስ እንደተለጠፈበት ይመላለሳል።

ገበያ የተገዛችን ዶሮ ለዕርድ እስክትደርስ ለብቻዋ ማቆየት፣ ለእርባታ የተገዛችውን ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ለይቶ ማየት ምንም ወጪ አይጠይቅም። ከገበያ ሲመለሱ ጫማ ማጠብም እንዲሁ። ቫይረሱ በስብ የተሸፈነ በመሆኑ ሳሙናና በረኪና ይገድሉታል።

ወጡ ምንም አይል

በ1998 ዓ.ም. ሰው የፈራው ዶሮ ወጥን ነበር። መፍራት የነበረበት ግን ከወጡ በፊት ያለውን ሥራ ነው። ቫይረሱ ከ70 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይሞታል፤ ለሰዓታት በቁሌት ላይ የተንተከተከ ዶሮ ምንም አያደርግም። አደጋው ሲታረድ የሚፈናጠረው ደም፣ በፈላ ውሃ ነክሮ ላባ መንጨቱ፣ ሆድ ዕቃውን ማውጣቱ፣ ዐሥራ ሁለቱን ብልት መበለቱ ላይ ነው። ይህን ሥራ እኛ አገር ከማረዱ በቀር በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፣ ልጆችም በዙሪያቸው ናቸው። በግብፅ ከታመሙት መካከል ሴቶችና ሕፃናት የበዙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዶሮውን በጓሮና በጣሪያ ላይ የሚያረቡትም፣ ቤት ውስጥ የሚያዘጋጁትም እነሱ ናቸው።

ፓስተርና ሰበታ

ጉለሌ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላም ቦታ አላት። ሰዉ እስከዛሬ «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። በኢንፍሉዌንዛ የተጠረጠረ ሰው ናሙና የሚመረመረው እዚህ ነው። የዶሮዋ ናሙና ግን በሌላ አቅጣጫ፣ ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሄዳል። ሁለቱም ቤተ ሙከራዎች ሥራቸውን ያውቁታል። የሚጎድላቸው ናሙናው ነው። የሞተችው ዶሮ ገደል ከተጣለች፣ የታመመችው ከተሸጠች፣ መርማሪው ምን ይመርምር?

ይህን ክፍተት የሚዘጋው ገንዘብ ነው። የዓለም ባንክና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በእነዚያ የድንጋጤ ዓመታት ካጠኗቸው ነገሮች አንዱ ካሳ ነበር፤ መደምደሚያቸውም ካሳው ፈጣንና ለገበያ ዋጋ የቀረበ ሲሆን አርቢው ይናገራል፣ ሲዘገይ ወይም ሲያንስ ይደብቃል የሚል ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችም በግል ሲያወሩ ይህንኑ ይላሉ፦ ዶሮዬ ታመመችብኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ዶሮውን ተነጥቆ ባዶ እጁን ከተመለሰ ጎረቤቱ ዳግመኛ አይመጣም። ነጋዴውም ቢሆን ጠላት ተደርጎ መታየት የለበትም። የትኛው ገበያ ላይ ዶሮ እንደረከሰ፣ የት መንደር ሞት እንደበዛ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ወሬ ከማንኛውም ሪፖርት ይቀድማል። ቢጠየቅ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን በራሱ ላይ እንደማይዞር ካወቀ ነው።

ስለዚህ የሚመለከታችሁ የግብርና ሚኒስቴርና የከተማው የግብርና ኃላፊዎች፦ የካሳውን ደንብ በሽታው ሳይገባ አውጡ፣ ለአርቢውም ለነጋዴውም በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። በአዲሱ ገበያ የውሃ ቧንቧና የሲሚንቶ ወለል ያለው የዶሮ ተራ ሥሩ፣ ቅርጫቱን በሚታጠብ ሳጥን ለውጡለት፣ ተራው ባዶ ሆኖ የሚታጠብበትን ቀን ከሌሎቹ የከተማዋ ገበያዎች ጋር በአንድ ቀን አድርጉት። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ዶሮዎችህ በድንገት ተከታትለው ከሞቱ የቀሩትን አትሽጥ፣ አትረድ፣ የሞቱትንም በባዶ እጅህ አትንካ። ፈንግል ነው ብለህ አትለፈው። የዚያኑ ዕለት ለወረዳህ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስታውቅ።